75 ፍሬም

ያጠፋሁት ተጠንቅቄ ነው። ተቻኩዬ ወይም እጄ ስቶ ቢሆን ለመናገርም ይቀለኝ ነበር። ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ፤ ባልደረቦቼ የሚያውቁኝ በሥራዬ ጥራት ነው፤ ቢያንስ እንዲያውቁኝ የምፈልገው በዚያ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድትምሩኝ አይደለም።

ሙያው ውስጥ ላልኖረ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ለቴሌቪዥን የሚሠራ ምስል ባብዛኛው በሰከንድ 25 ፍሬም ነው፤ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ፕሪሚየር በሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ላይ የጄ ቁልፍ ወደ ኋላ፣ የኤል ወደ ፊት ያስኬዳል፤ የኬ ያቆማል። ኬን ተጭኖ ይዞ ኤልን አንዴ መንካት አንድ ፍሬም ብቻ ያራምዳል። ለድምፅ ግን ይህም እርምጃ ሰፊ ነው። የታይምላይኑ አቆጣጠር ወደ ድምፅ ሲቀየር፣ በ48 ኪሎኸርዝ የተቀዳ አንድ ፍሬም 1,920 ቦታ ይከፈላል፤ ቃሉ የት እንዳለቀ፣ ትንፋሹ የት እንደጀመረ በዓይን ይታያል። በዚህ ጎበዝ ነበርኩ። የቱ መቆረጥ እንዳለበት ግን አቆጣጠሩ አይናገርም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ወይም ጠይቄ መልሱን ሳልጠብቅ አለፍኩ።

ያጠፋሁበት ፊልም ባለታሪክ በመሬት ውርስ ከወንድማቸው ጋር ለዓመታት ተኳርፈው የኖሩ እናት ናቸው። ጠያቂያችን "ታዲያ ወንድምዎን ይቅር ብለዋቸዋል?" ስትላቸው ዝም አሉ። ሦስት ሰከንድ፣ 75 ፍሬም። የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ከዚያ "ይቅር ብዬዋለሁ" አሉ። ድምፁ ላይ ያ ዝምታ ጠፍጣፋ መስመር ነው፤ ትንፋሹ ብቻ ትንሽ ጉብ ይላል። በእኛ አገር ወደ ውስጥ የተሳበ ትንፋሽ ራሱ "አዎ" ሊሆን እንደሚችል፣ ጭንቀትም ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። የትኛው እንደነበር መፍረድ የተመልካቹ ድርሻ ነበር።

ሁሉንም አወጣሁት። ጥያቄው ካለቀበት ቀጥሎ መልሱን ገጠምኩ፤ ምስሉ እንዳይዘል የግቢያቸውን ሾት ከላይ አለበስኩት። ደግሜ ሰማሁት፤ መቆረጡ አይታወቅም። ደስ አለኝ።

ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ተመልካች ይሰለቻል የሚል ነው፤ ከፊሉ እውነት ነው። ከሥሩ ግን ታሪኩ በዕርቅ እንዲያልቅ መፈለጌ አለ። ይህም ደግነት ሊመስል ይችላል፤ እኔም ለጥቂት ጊዜ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ለመዝጊያው ሙዚቃ አስቀድሜ መርጬ ነበር፤ ማመንታታቸው ከሙዚቃው ጋር አልሄደልኝም። ምክንያቱ ይኸው ነው።

"አፖካሊፕስ ናው"ን ከሠሩት ኤዲተሮች አንዱ የሆነው ዋልተር መርች፣ የሚቆርጥበትን ነጥብ ምስሉ እየሄደ በስሜት እንደሚመታ፣ ሲደግመው እዚያው ፍሬም ላይ ካላረፈ አንድ ነገር እንደጎደለ እንደሚቆጥር ጽፏል። ለጀማሪዎች እጠቅሰው ነበር። እኔ ከእሱ የወሰድኩት መምታቱን ነው፤ መጠራጠሩን ትቼለታለሁ።

ፊልሙን ቤታቸው ሄደን በላፕቶፕ አሳየናቸው። እዚያ ቦታ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረው "ልጄ፣ እኔ እንዲህ ቶሎ ነው የመለስኩት?" አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። የሚጠይቁት እኔን ይሁን የራሳቸውን ትዝታ አልለየሁትም፤ የገባኝም ያኔ ነው። ያ ይቅርታ ምን ያህል እንደከበዳቸው የሚያሳየው ማመንታቱ ብቻ ነበር፤ እሱ ሲወጣ የቀረው የጨዋ ሰው መልስ ነው። ይባስ ብሎ፣ ገና በሕይወት እያሉ የገዛ ራሳቸውን ልብ እንዲጠራጠሩ አደረግኳቸው።

"ለሰዓት ብለን ነው እማማ፤ የቴሌቪዥን ሰዓት ጠባብ ነው" አልኳቸው። አመኑኝ። ጥሬ ቀረጻው እጄ ላይ ነበር፤ ስርጭቱም ገና ነበር። ዝምታውን መመለስ እችል ነበር፤ ለምን እንደመለስኩት ለባልደረቦቼ ማስረዳት ግን አሳፈረኝና ተውኩት። ከቆረጥኩት ይልቅ ይህ ይከብደኛል፤ የቆረጥኩት ሳላስተውል ነው ማለት ይቻል ይሆናል፣ የተውኩት ግን አውቄ ነው። ሰዓትም አልጠበበንም። መጨረሻ ላይ የአዘጋጆቹ ስም ካለፈ በኋላ፣ ጥቁር ምስል ላይ ሙዚቃ ብቻ የሚሰማበት ከሦስት ሰከንድ የበለጠ ቦታ ነበረን።