እጄ ሥዕል ተማረ

ሥዕል ከእናት ማኅፀን ይዘውት የሚወለዱት ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። «ለእሱ የተሰጠው ነው፤ ለእኔ አልተሰጠኝም» ይላሉ። ስለ ፊደልም እንዲሁ እንል ነበር። «ፊደል የቄስና የዳኛ ነው» እንል ነበር። ዛሬ ግን ይህን ገጽ እያነበባችሁ ነው። ስለዚህ «አልችልም» የምትለዋን ቃል ሁላችንም በደንብ እናውቃታለን። እኔም የማወራችሁ ስለዚችው ቃል ነው።

የምኖረው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሚዛን ተፈሪ አካባቢ ነው። አገራችን የቡና አገር ነው። በአንድ በኩል በበቃ አለ፤ በሌላ በኩል ቴፒ አለ። ሁለቱም በሰፋፊ የቡና እርሻቸው የታወቁ ናቸው። እንደ እኔ ያለው ገበሬ ደግሞ በጓሮው፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ቡናውን ይተክላል። ዕድሜዬ ከ50 አልፏል። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው።

ሥዕል ለመማር ያነሣሣኝ የአባቴ ቡና ነው። አባቴ የተከለው ቡና አርጅቶ ፍሬው አነሰ። የልማት ሠራተኛው መጥቶ አየውና፣ «እትዬ፣ ይህ ቡና መጎንደል አለበት» አለኝ። ጉንደላ ማለት ያረጀውን ግንድ ከመሬት በላይ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ መቁረጥ ነው። ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል። ቀንበጡ አድጎ በ2 ወይም በ3 ዓመት እንደገና ያፈራል።

ምክሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን አባቴ አንድም ፎቶግራፍ ሳይነሣ ነው የሞተው። የእጁ ሥራ ሆኖ የቀረኝ ያ ቡና ነው። ከመቆረጡ በፊት መልኩን ላስቀረው ፈለግሁ። ልጄ በስልኩ ፎቶ አነሣው። ፎቶው ጥሩ ነበር። ግን ስልክ ይሰበራል፤ ይጠፋል። ደግሞም አባቴ በእጁ የተከለውን እኔም በእጄ ልሠራው አማረኝ።

በጎረቤት ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት መምህር አለ። ሥዕል ያውቃል። ሄጄ እንዲሥልልኝ ለመንኩት።

«ለምን እርስዎ አይሥሉትም እትዬ?» አለኝ።

«ኧረ ልጄ! ይህ እጅ እኮ ዶማ የለመደ እጅ ነው» አልኩት።

«ብዕርም አልለመደም ነበር። አሁን ግን ስምዎን ይጽፋል» አለኝ።

መልስ አጣሁ። በማግስቱ ትምህርት ጀመርን።

የውሃ ቀለም ማለት በደንብ የተፈጨ ቀለም ከሙጫ ጋር ተለውሶ የደረቀ ነው። ሙጫው ከግራር ዛፍ የሚገኘው ዓይነት ነው። እርጥብ ብሩሽ ሲነካው ይሟሟል። ወረቀት ላይ ሲደርቅ ሙጫው ቀለሙን ያጣብቀዋል። መምህሩ ግን ቀለሙን ወዲያው አልሰጠኝም። «መጀመሪያ ቡና ያፍሉ» አለኝ። የምንጠጣ መስሎኝ አፈላሁ።

አቦሉን በአንድ ስኒ፣ ቶናውን በሁለተኛው፣ በረካውን በሦስተኛው ቀዳን። አተላውን አጠለልን። አቦሉን መልሰን ጥደን ውሃው እስኪተን አወፈርነው። አሁን ሦስት ቀለም አለን። በረካው ቀጭን ነው። ቶናው መካከለኛ ነው። አቦሉ ወፍራምና ጥቁር ነው። «ሥዕል በሦስቱ ይሠራል» አለኝ።

ሲጠጣ አቦል ይቀድማል። በሥዕል ግን በረካ ይቀድማል። በውሃ ቀለም ከደማቁ ተነሥቶ ወደ ፈዛዛው መመለስ ይከብዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቀጭኑ በሰፊው ይቀባል። ሲደርቅ ጥላ ባለበት ቦታ ላይ ቶናው ይደረባል። በጣም የጨለመው ቦታ ብቻ በመጨረሻ አቦል ያገኛል። የቡናው ግንድ በዚህ መንገድ ክብ ሆኖ ታየኝ። ፀሐይ የመታው ጎን ፈዘዘ፤ የዞረው ጎን ጠቆረ።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ነጭ ነው። በውሃ ቀለም ሥራ ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው። የቡና ቅጠል ፀሐይ ሲመታው ያብለጨልጫል። ያ ብልጭታ እንዲታይ ቦታው ሳይቀባ ይተዋል። ብሩሽ ከማንሣታችን በፊት «የትኛውን ልተው?» ብለን እናስባለን። ይህ እንደ እርሻ ነው። ገበሬ መንገድና የውሃ መውረጃ የሚተወው ከመዝራቱ በፊት ነው።

ሦስተኛው ትምህርት መጠበቅ ነው። ያልደረቀ ቀለም ላይ ሌላ ቀለም ከተጨመረ ሁለቱ ይዋሃዳሉ። መድረቁን ለማወቅ የእጅን ጀርባ ወደ ወረቀቱ ማስጠጋት ነው። ከቀዘቀዘ ገና እርጥብ ነው። እኛ ቡና በአልጋ ላይ አድርቀን ጀንፈል የምናደርግ ሰዎች መጠበቅን ማን ያስተምረናል? ከሦስቱም ትምህርት ይህ ቀለለኝ።

መዋሃዱ ራሱ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። በእኛ አገር ጠዋት ጠዋት ጫካው ጉም ይለብሳል። ጉም ለመሥራት ወረቀቱ በንጹሕ ውሃ ይርሳል። ከዚያ ጥቂት ቀለም ጠብ ይደረግበታል። ቀለሙ ራሱ እየተሳበ ይሄዳል። ዳርቻው ይጠፋል። ሩቅ ያለው ዛፍ በጉም ውስጥ የቆመ ይመስላል። መጀመሪያ ሳየው «እንዴ! ይህ የእኛ ሰፈር እኮ ነው» አልኩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ልቤ አላረፈም። የእኔን ወረቀት ከመምህሩ ወረቀት አጠገብ ሳኖረው የእሱ ዛፍ ዛፍ ነው። የእኔው መጥረጊያ ይመስላል። አንድ ቀን ቡና ላይ አንዲት ጎረቤቴ ወረቀቱን አየችና ሳቀች። «በስተርጅና ደግሞ ምን ነካሽ?» አለችኝ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። «እውነቷን ነው፤ ይቅርብኝ» አልኩ።

ለመምህሩ ነገርኩት። እሱ ብዙ አልተናገረም። ከሻንጣው ሥር አንድ ጥቅል ወረቀት አወጣ። ተማሪ ሳለ የሠራቸው የመጀመሪያ ሥዕሎች ናቸው። አንዱ በሬ ነበር፤ ፍየል ነው የሚመስለው። «የእርስዎን 5ኛ ወረቀት ከእኔ 500ኛ ወረቀት ጋር አያስተያዩ። ከራስዎ 1ኛ ወረቀት ጋር ያስተያዩ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ቀኑን ጻፍኩ። አንዱንም አልጣልኩም። ከወር በኋላ በተርታ ዘረጋኋቸው። መጥረጊያው ቀስ በቀስ ዛፍ ሆኗል። ዓይኔ አየ፤ ክርክሩ አለቀ።

መምህሩ ስለ ታላላቅ ሠዓልያንም ያጫውተኝ ነበር። አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለደ። ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። እዚያ ግን ወደ ሥዕል ትምህርት ዞረ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ትልቁ የመስኮት ላይ ሥዕል የእሱ ሥራ ነው። አለ ፈለገ ሰላም ደግሞ ሥዕል በትምህርት የሚገኝ ሙያ መሆኑን በሥራ አሳየ። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካችው ግን አንዲት የአሜሪካ ገበሬ ናት። ስሟ አና ሜሪ ሞዝስ ይባላል። ዕድሜዋን በእርሻ ሥራ አሳለፈች። በስተርጅና በክርና በመርፌ ሥዕል ትጠልፍ ነበር። መገጣጠሚያዋን ሕመም ያዛትና መርፌ መያዝ አቃታት። ስለዚህ ብሩሽ አነሣች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ከ70 በላይ ነበር። የምትሥለው የምታውቀውን እርሻ፣ መኸርና በረዶ ነው። ሥራዋ በዓለም ታወቀ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ስትሞት ዕድሜዋ 101 ነበር። እኔ ታዲያ በ50 ዓመቴ ምን አስረጀኝ?

ቡናው ሲቀላ በእውነተኛው ቀለም መሥራት ጀመርኩ። ቢጫና ሰማያዊ ሲቀላቀሉ አረንጓዴ ይሆናል። ትንሽ ቀይ ሲገባበት ደግሞ የቡና ቅጠል መልክ ይይዛል። ግንዱን ግን በአቦል ነው የጨረስኩት። ቡና በቡና ተሣለ።

ያቺ የሳቀችብኝ ጎረቤቴ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አየችው። ቀረብ ብላ ቆመች። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ይሄ ወደ ግራ ያዘነበለው የአባትሽ ቡና አይደለም?» አለችኝ። እኔ ማንንም አልነገርኩም ነበር። ዛፉን በሥዕሉ አወቀችው። በማግስቱ ልጇን ልካ ወረቀት አስለመነችኝ።

ለቀማው ካለቀ በኋላ ቡናው ተጎነደለ። መጋዙ ሲነሣ አላለቀስኩም። ዛሬ ከጉቶው ቀንበጥ ወጥቷል። ከቀንበጦቹ ጠንካሮቹን መርጠን ሌሎቹን አንሥተናል።

ውድ አንባቢ፣ መሞከር ከፈለጉ ብዙ ነገር አያስፈልግዎትም። ቡና አለዎት። ወፍራም ወረቀት ይፈልጉ፤ ስስ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። ብሩሽ ከሌለ የዶሮ ላባ ያገለግላል። በበረካ ይጀምሩ፤ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ሥዕልዎን ፀሐይ በማይመታው ቦታ ይስቀሉ፤ ፀሐይ ቀለም ያፈዝዛል። በመጀመሪያው ወረቀት ጥግ ላይ ቀኑን ይጻፉ፤ አይጣሉትም። ሰው ቢስቅ አብረው ይሳቁና ሁለተኛውን ወረቀት ያንሡ።