አሮጌው በር ላይ ወረቀት የሚለጥፍ ጠፋ

ሱቅ ቦታ ሲቀይር ባለቤቱ አሮጌው በር ላይ ወረቀት ይለጥፋል። «ውድ ደንበኞቻችን፣ ፊት ለፊት ወዳለው ሕንፃ 2ኛ ፎቅ ተዛውረናል» ብሎ ስልክ ቁጥሩን ይጨምርበታል። ለዚህ ማንም ሥልጠና አልወሰደም። ነገሩ ድረ ገጽ ሲሆን ግን ይቺ ጨዋነት የት እንደምትገባ እንጃ።

ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዬ ስለሆነ ነገሩን ከውስጥ አየዋለሁ። ሁለት ተቋማት ይዋሃዳሉ። ለስብሰባው፣ ለአዲሱ ሎጎ፣ ለምረቃው ሁሉ በጀት አለ። የአሮጌው ድረ ገጽ ጉዳይ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም በስልክ፦ «ያንን ወደ አዲሱ አዙረውና ዝጋው።» ባለሙያው በአንድ መስመር ትእዛዝ የአሮጌውን ገጾች በሙሉ ወደ አዲሱ መግቢያ ገጽ ያዞራቸዋል። አለቀ።

ዕዳው የሚተርፈው ሊንኩን ለያዘው ሰው ነው። የእህቴ ልጅ ዱባይ ላለ ሥራ አመልክታ ነበር። ሰርተፊኬቷ ግርጌ ላይ «ትክክለኛነቱን በዚህ አድራሻ ያረጋግጡ» ይላል። ሰርተፊኬቱን የሰጣት ተቋም (ስሙ ይቅር) ከሌላ ጋር ተዋህዷል። ቀጣሪዎቹ አድራሻውን ሲከፍቱ ሌላ ስምና ሌላ ሎጎ ያለው፣ ኃላፊዎች ችግኝ ሲተክሉ የሚያሳይ ፎቶ የሞላበት ገጽ መጣላቸው። ስለ ሰርተፊኬት አንድ ቃል የለም፤ ስለ መዋሃዱም የለም። እኛ እዚህ ያለነው ጠርጥረን እንረዳው ይሆናል። ዱባይ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን በምን ይወቅ? «ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ ጻፈ። እሷ ለአንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ደጅ ስትጠና ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀጠረ።

በዚያ ሰው አልፈርድም። ሕዝቡን ስንት ዓመት «ሊንክ ስትከፍቱ አድራሻውን እዩ፣ ወደማታውቁት ገጽ ከወሰዳችሁ ሽሹ» ስንል ኖረናል። ቴሌግራም ላይ በባንክ ስም የሚላከውን የማጭበርበሪያ ሊንክ ያላየ የለም። ነገ ሁለት ባንኮች ቢዋሃዱና ደንበኛው የለመደውን አድራሻ ጽፎ ሌላ ስም ያለው ገጽ የይለፍ ቃል ቢጠይቀው፣ ብልህ ከሆነ ይሸሻል። ካልሸሸ ደግሞ ለሚቀጥለው አጭበርባሪ አለማመድነው ማለት ነው።

«ጎግል ያገኘዋል፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው፣ ጎግል ያገኘዋል። 301 የሚባለው ኮድ ገጹ ለዘለቄታው መዛወሩን ለማሽን ይነግረዋል። ሳይነገረው የቀረው ሰውየው ነው።

መዋሃድ ሁልጊዜ ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ነገርም አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሲቀር፣ የከፍተኛ ትምህርቱ ሥራ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር፣ የቴክኒክና ሙያው ደግሞ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደ። እንዲህ ያለውን አንድ አድራሻ ወዴት ታዞሩታላችሁ? ወደ አንዱ ካዞራችሁት የሌላው ባለጉዳይ ቀለጠ። ገጹ በየጉዳዩ መከፋፈል አለበት፤ ይህ ደግሞ ቁጭ ብሎ ዝርዝር ማውጣትን ይጠይቃል፣ አሰልቺ ነው።

አሰልቺውን ሥራ የሠሩ አሉ። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ዳይሬክትገቭና ቢዝነስ ሊንክ የተባሉትን ድረ ገጾች በአንድ አዲስ ገጽ ሲተካ፣ ቀጥሎም የሚኒስቴሮቹንና የኤጀንሲዎቹን ገጾች ሲያጠቃልል፣ አሮጌዎቹ አድራሻዎች ተለቅመው ከተተኪያቸው ጋር ተያያዙ። ተተኪ ያልነበራቸው ላይ ገጹ መነሣቱን የሚናገር ጽሑፍ ተቀመጠ፤ ቅጂው በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ካለም ወደዚያ የሚወስድ ሊንክ ተሰጠ።

ማስታወቂያው ራሱ ቀላል ነው። አሮጌው ሰርቨር ጎብኚውን ሲያዞር አዲሱ አድራሻ ጭራ ላይ ትንሽ ምልክት ይጨምራል፤ አዲሱ ገጽ ምልክቷን ሲያይ ከላይ አንድ መስመር ያወጣል፦ «የፈለጉት ድረ ገጽ ከዚህኛው ጋር ተዋህዷል፤ የጠየቁት ሰነድ ይኸው።» በቀጥታ ለመጣ ሰው አትታይም፤ ያነበበም ይዘጋታል። «በ10 ሰከንድ ውስጥ እናዛውርዎታለን» እያለ የሚቆጥረውን ገጽ ግን አልወደውም። በሞባይል ዳታ ለሚገባ ሰው አንድ ተጨማሪ ገጽ ማስጫን ነው። የአሮጌው ዶሜይን ክፍያም መቋረጥ የለበትም። ከተቋረጠ ማንም ይገዛዋል፤ በሰዎች ሰርተፊኬት ላይ የታተመው አድራሻ አንድ ቀን የቁማር ገጽ ሊከፍት ይችላል።

በቅርቡ አንድ ደንበኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ «መስመሯ የገጹን ውበት ታበላሽብናለች» አለኝ። ዓመት ትቆይ ብዬ ተከራከርኩ። በስድስት ወር ተስማማን፤ ዶሜይኑን ግን የአምስት ዓመት እንዲከፍል አደረግኩት።