የገዛነው ጌም የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 መጨረሻ፣ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ነገሮች ሆኑ። ዜና ላይ ብዙም አልተወራላቸውም። እኔ ግን ኮምፒውተር መነካካትና ጌም መጫወት ስለምወድ፣ ሁለቱን ነጣጥዬ ማየት አልቻልኩም።

ማርች 29 የተሰማው ይህ ነው። ኤክስዜድ የሚባል ፋይል የሚያሳንስ ሶፍትዌር አለ። ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ቢሆንም ሊኑክስ በሚሠራባቸው እጅግ ብዙ ሰርቨሮች ውስጥ ይገኛል። ለዓመታት ሲንከባከበው የኖረው አንድ ሰው ነው፤ ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ሰዓቱ። ሰውየው ሲደክመው፣ «ጂያ ታን» በሚል ስም የመጣ ሌላ ሰው ላግዝህ አለው። ከሁለት ዓመት በላይ ሠርቶ ታመነ። ከዚያ ሰርቨሮችን በስውር የሚከፍት የኋላ በር ሰርቶ አስገባ።

ማን ደረሰበት? አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ። ከርቀት ወደ ማሽኑ ሲገባ ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ነገሩ ከነከነውና ጉዳዩን እስከ ሥሩ በረበረው። ኮዱ ክፍት ስለነበር የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ማርች 31 ደግሞ የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ጌም ሰርቨር ዘጋ። ጌሙ በ2014 የወጣ ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር መገናኘት ነበረበት። ስለዚህ ሰርቨሩ ሲዘጋ፣ ከፍሎ የገዛና ዲስኩ መደርደሪያው ላይ ያለ ሰው በእጁ የቀረው ፕላስቲክ ነው።

አሁን ከዚህ ጋር ዱምን አስተያዩት። ዱም የ1993 ጌም ነው። ሠሪው አይዲ ሶፍትዌር በ1997 ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀው። ሥዕሎቹና ካርታዎቹ እስከዛሬ የሚሸጡ ናቸው፤ የተለቀቀው ኮዱ ብቻ ነው። እሱም በቃ። ሰዎች አዳዲስ ማሽኖች ላይ እንዲሠራ አድርገው አሻሻሉት፣ ካልኩሌተርና ፕሪንተር ላይ ሳይቀር አስኬዱት። ዊንዶውስ የከበዳት አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ጭኜ ዛሬም እጫወተዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ጌም በሕይወት አለ፤ አሥር ዓመት ያልሞላውን ግን ሠሪው ዘግቶታል።

ኩባንያዎቹም የሚሉት አላቸው። ሰርቨር ወጪ አለው፣ የመኪና ብራንዶች ፈቃድ ጊዜው ያልፋል። እውነት ነው። ግን ሰርቨሩን ለዘላለም አቆዩ ያላቸው የለም። ሮስ ስኮት የተባለ ዩቲዩበር የጀመረው ዘመቻ የሚጠይቀው፣ ስትሄዱ ጌሙን መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ ትታችሁ ሂዱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል። ካሊፎርኒያም ከ2025 መግቢያ ጀምሮ፣ ፈቃድ ብቻ እየሸጡ «ግዛ» የሚሉ የዲጂታል መደብሮች ይህንኑ ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዳለች።

ክፍት ኮድ መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። ኤክስዜድ ሊያዝ የተቃረበው ሁሉም እየተጠቀመበት የሚያግዝ ስላልነበረ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ እዚያ ግን ድሩ አንድ ክር ነበር። ሆኖም ክፍት የሆነ ነገር ሲታመም ሐኪም ሊደርስለት ይችላል። የተዘጋው ሲሞት ግን ወዳጆቹ እሱን ለማዳን እጅግ ይከብዳቸዋል።

ጌም የልጆች ጉዳይ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ይህን የምታነቡበትን ቴሌግራም ተመልከቱ። የስልካችን መተግበሪያ ኮዱ ክፍት ነው፤ ጽሑፎቻችን ያሉበት የሰርቨሩ ኮድ ግን ዝግ ነው። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፓሪስ ላይ ሲታሰር መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ፣ ይህ ነገር ነገ ቢዘጋ የስንት ዓመት ክርክራችን፣ የስንት ሰው ትረካና የታሪክ ፎቶ የት ይገባል? የሚል ነበር።

የቻናል ባለቤቶች፣ በኮምፒውተር የሚሠራው ቴሌግራም ውስጥ የቻናሉን ታሪክ በሙሉ አውርዶ ማስቀመጫ አለ። ዛሬ ማታ አውርዱትና ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። አንድ ቅጂም ለሌላ ሰው ስጡ።