የሸኘናቸው ልጆች

በልጅነታችን ሆሳዕና ውስጥ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ስንባል «አስተማሪ» ወይም «ሐኪም» እንል ነበር። የዛሬ ልጆች ግን የሥራ ስም ሳይሆን የአገር ስም ይጠራሉ፤ «ደቡብ አፍሪካ» ይሉናል። ጎረቤታቸው ቤት የሠራው ከዚያ በተላከ ገንዘብ ነውና አንፈርድባቸውም።

ወገኖቼ፣ እኛ መጋቢዎችም በዚህ ጉዳይ እጃችን ንጹሕ አይደለም። ስንቱን ወጣት ከአምልኮ በኋላ ወደ ፊት ጠርተን፣ እጅ ጭነን፣ ጸልየን ሸኝተናል! የምንሰብከውም ዮሴፍን ነበር። በ17 ዓመቱ ሕልም ያየው ልጅ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ ስንል ጉባኤው እልል ይላል። በመካከል ያሉትን 13 ዓመታት ግን በችኮላ እናልፋቸዋለን። ደግሞስ ዮሴፍ ሕልሙን ፍለጋ መች ከቤቱ ወጣ? በ20 ብር ተሸጦ ነው የሄደው። ለገዙት ነጋዴዎች ሕልሙ ምናቸው ነው? ለደላላስ የልጆቻችን ሕልም ምኑ ነው?

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ በቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ተያዘ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ያን ሰሞን ልጇ ከደወለ ሦስት ሳምንት ያለፈው አንዲት እናት ቤታችን መጣች። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ዝም ብላ ታየዋለች። የሚያጽናና ቃል ፈለግን፤ ከአፋችን አልወጣ አለ። ልጁን የሸኘነው እኛ ነበርን። ቡና ከማፍላት ሌላ ምን እናድርግ?

በአራተኛው ቀን ከማላዊ እስር ቤት ደወለ። እናቱ እየሮጠች መጥታ፣ «የእናንተ ጸሎት ነው የጠበቀው» ብላ እጃችንን ሳመች። ብትወቅሰን ይሻለን ነበር።

ልጁ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ ዳቦና የስልክ ካርድ ይሸጣል። በደወለ ቁጥር ስለ ጓሮው እንሰት ይጠይቃል፤ እዚህ ሳለ እንኳንስ ሊጠይቅ ዞር ብሎም አያየው! ዮሴፍም የበኩር ልጁን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር የአባቴን ቤት አስረሳኝ ብሎ ነበር። ሊሞት ሲል ግን አጥንቱን ከግብፅ ይዘው እንዲወጡ ወንድሞቹን አማላቸው። የረሳ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

ባለፈው ወር ሌላ ወጣት «ጸልዩልኝ፣ ሐሙስ ልነሣ ነው» ብሎ መጣ። አባቱ በሬ ሸጠዋል። በፊት ቢሆን ወዲያው እጃችንን እንጭን ነበር። አሁን ግን ወንበር ሰጠነው። መንገዱን ማን እንደሚመራው፣ ማላዊ ቢያዝ ማን እንደሚደርስለት፣ የበሬው ገንዘብ እዚሁ ምን ሊሠራ እንደሚችል ጠየቅነው። አልመለሰልንም። የቴቴውን ነገር፣ የዚያችንም እናት ሦስት ሳምንት ነገርነው። ከዚያ አብረነው ተንበረከክን፤ ስለ መንገዱ ግን አልጸለይንም።

«ከአባቴ ጋር ልነጋገር» ብሎ ወጣ። ሐሙስ ማታ እናቱ ቤት ሄደን አገኘነው፤ በሬው ግን አልተመለሰም።