ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር የመጣ ሳህን



ቢቀመሱ የሚያስመሰግኑ የልዩ ልዩ አገሮች ባህላዊ ምግቦች ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት ከባሕር ማዶ ያሉት ናቸው። ስለ ጣሊያን ፓስታ፣ ስለ ቻይና ሩዝ፣ ስለ ሕንድ ቅመም ያልሰማ የለም። እኛ ባልና ሚስት ግን የምናወራችሁ ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚጓዝ ሰው በአንድ ቀን ስለሚደርስበት ማእድ ነው። ይኸውም የሶማሌ ምግብ ነው፤ ይበልጡንም በሐርጌሳ ከተማ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ስለቀመስነውና ሳንቀምሰው ቀርተን ስላፈርንበት።

ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ጓዟን ጠቅልላ የተዛወረች የወታደር ሚስት በደረሰችበት አገር የተገኘውን አብስሎ መብላት ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። እኛም በድሬዳዋ፣ በጅጅጋና በጎዴ ኖረናል። ዳሩ ግን በእነዚያ ቦታዎች ሁሉ የሠራዊቱ ቀለብና የሠራዊቱ ጉርብትና ስለነበረን የአካባቢውን ማእድ ያየነው ከውጭ ሆነን ነው። ባልየው በጡረታ ከተሰናበተ በኋላ በከባድ መኪና ሞተር ጥገና ሥራ አግኝቶ በ2014 ዓ.ም. ሐርጌሳ ስንገባ በዙሪያችን የለመድነው አጥር አልነበረም። የተከራየንበት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከታዋቂው ዘፋኝ ከመሐመድ ሞጌ ሊባን ነው። በዘፋኝ ስም በሚጠራ ሰፈር መኖር ደግሞ ክፉ አይደለም።

በመጀመሪያው ምሽት ከግድግዳው ማዶ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ሰማን። ልብስ የሚያጥቡ መስሎን ነበር። ኋላ እንደተረዳነው ጎረቤታችን የነገውን ሊጥ በእጇ እየመታች ኖሯል። ሊጡ የስንዴ ዱቄት ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ዱቄት ጋር ተደባልቆ የሚቦካ ሲሆን፣ አድሮ ጠዋት በከሰል ምድጃ ላይ ይጋገራል። በደቡብ አንጄሮ፣ በሰሜን ላሖሕ ይሉታል፤ በየመንም የሚታወቀው በዚሁ በሁለተኛው ስም ነው። ዓይን ያለው፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚበስል፣ ከእንጀራ ያነሰና የሳሳ ነው። አጋገሩን ቀርባ ያየች የአገራችን ሴት ግን አንድ ነገር ታስተውላለች። እኛ ሊጡን ከምጣዱ ጠርዝ ጀምረን እያዞርን ወደ መካከል እንገባለን፤ እነርሱ መካከል ላይ ያፈሱና በጭልፋው ጀርባ እያዞሩ ወደ ጠርዝ ይወጣሉ።

እኛ ይህን ሁሉ ሳናስተውል ከገበያ ገዝተን ሽሮ አፈሰስንበት። እጃችን ላይ ተቀደደ። ጣዕሙም ወደ ጣፋጭነት ያደላ ስለሆነ ከበርበሬው ጋር አልተስማማም። «የእንጀራ ጥላ» የሚል ስም አወጣንለትና ጤፍ በቶጎ ውጫሌ በኩል እያስመጣን መኖር ጀመርን። ስድስት ወር ያህል እንዲሁ በንቀት ካሳለፍን በኋላ ነው ላሖሕ የቁርስ ምግብ መሆኑን ያወቅነው። ገና ትኩስ ሳለ የሰሊጥ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ይደረግበታል፤ ስኳር ይነሰነስበታል፤ ከዚያም ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ከላዩ ፈስሶ በእጅ ይበላል። በዚህ አኳኋን የበላው ሰው የእንጀራ ጥላ አይለውም።

ይህን ያስተማረችን ያችው ሊጥ መቺ ጎረቤታችን ነበረች። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በጦርነት ስትፈርስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ከቤተሰቧ ጋር ድንበር ተሻግራ በሐርቲሼክ የስደተኞች መጠለያ አድጋለች። ሐርቲሼክ በጊዜው በዓለም ካሉት ታላላቅ መጠለያዎች አንዱ የነበረ ሲሆን የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ይዛው የተመለሰችው አማርኛ ጥቂት ነው። ባልየው ወታደር እንደነበረ በሰማች ዕለት ከአፏ የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ቃል «ኮቾሮ!» የሚል ነበር። በልጅነቷ አንድ ወታደር ከስንቁ ቆርሶ የሰጣትን ደረቅ ብስኩት ስትነክስ ጥርሷ ሊወልቅ እንደነበረ እየሳቀች ነገረችን። ኮቾሮን የሚያውቅ አንባቢ ፍርዷ ትክክል መሆኑን ይመሰክራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሷ እኛን ዋላል፣ እኛም እርሷን ዋላል እያልን መጠራራት ያዝን፤ ወንድም ወይም እኅት ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥፋታችን እንለፍ። ሚያዝያ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት፣ በቤታችን ደስ ብሎን ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ላክንላት። ሳህኑ ታጥቦ፣ በላዩም ቴምር ተደርጎበት ተመለሰ። ሰኔ 21 ቀን ደግሞ አረፋ ሆነ፤ እርሷም በተራዋ በሐዋሽ ቅመም የተሠራ ሩዝ፣ በላዩ የፍየል ሥጋ፣ በጎኑም ሙዝ አድርጋ ላከችልን። ሙዙን ከሩዙ ጋር አብሮ መጉረስ በሶማሌ ዘንድ የተለመደ ነው። መዓዛው ቤቱን ሞላው። እኛ ግን የሌላ እምነት ሰው ያረደውን ላለመብላት ከአባቶቻችን በተቀበልነው ሥርዓት ያደግን ነንና ሳህኑን ከበን ተቀመጥን። መመለስ ነውር ነው፤ መድፋት ኃጢአት ነው፤ መብላት አልሆነልንም። በመጨረሻ ጨለማን ተገን አድርገን ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጠነው። ዘበኛውም ደግ ሰው ነበርና፣ በማግሥቱ ሳህኑን አጥቦ በቀጥታ ወደ ባለቤቷ ደጃፍ ወስዶ «እጅሽ ይባረክ፣ በጣም ጣፋጭ ነበር» ብሎ አስረከባት።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሦስት ሳምንታት ባናስታውሳቸው በወደድን። ሰላምታዋ አልተቋረጠም፤ ነገር ግን አጠረ። ልጆቿ ወደ ግቢያችን መምጣት ተዉ። ማታ ማታ የሊጡ ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ይሰማል፣ ጠዋት የሚመጣ ላሖሕ ግን የለም። ጉዳዩን አድበስብሰን ለማለፍ ብዙ ሰበብ አሰብን። የጨጓራ ሕመም አለብን እንበልን? በኋላ ግን ሁለታችንም አብረን ሄደን እውነቱን ተናገርን። ዝም ብላ ሰማችንና ነጠላችንን እያየች፣ «የእናንተን ቀይ ወጥስ እኔ የበላሁት መስሏችሁ ነበር?» አለች። ዶሮውን ያረደው ክርስቲያን ነውና ለእርሷም አልተፈቀደላትም ኖሯል። በመንገዱ ማዶ ሕንጻ ለሚሠሩ የአገራችን ልጆች ሰጥታው ነበር። እኛን ላለማሳዘን ለሦስት ወር ያህል የሸሸገችውን እርሷም በዚያ ቀን አወጣችው። ከዚያ በኋላ የሳቅነውን ሳቅ ዘበኛው እንኳ ከበሩ ሆኖ ሰምቶታል።

ከዚያ ወዲያ የጠየቀችን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «እንግዲያው አፋችሁ የሚገባው ምንድን ነው?» የሥጋውን ነገር ተወያይተን ጨረስን። የግመል ወተትም፣ ሶማሌ ከሁሉ የሚያስበልጠው ቢሆንም፣ ለእኛ እንደማይሆን ነገርናት፤ ለእርሱ ከልብ አዘነችልን። የቀረውን መልስ የሰጠን ግን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2 ገቡ። እኛ በዘጠኝ ሰዓት መብላት የምንችል ብንሆንም ለጉርብትናው ስንል እስከ መግሪብ አዛን ቆየን። ጎረቤታችንም ቅቤና ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ብረት ድስት ከገበያ ገዝታ «ይህ የእናንተ ነው» አለችን።

በዚያ ድስት ከተሠሩት ሁሉ ለአንባቢያን ልናስተዋውቀው የምንወደው አምቡሎ የሚባለውን ነው። አዙኪ ከሚባለው ትንሽ ቀይ ጥራጥሬ ይሠራል፤ እርሱ ካልተገኘ በትንሹ አደንጓሬ መሞከር ይቻላል። ጥራጥሬው ሌሊቱን ይዘፈዘፋል። በቀጣዩ ቀን ውኃው እየተጨመረበት በቀስታ እሳት ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል፤ መፈረካከስ ሲጀምር ውኃው እንዲመጥ ተደርጎ ይወጣል። ከዚያም የሰሊጥ ዘይት ይፈስበታል፣ ስኳርም ይጨመርበታል። ዘይቱ በድሮው ሥርዓት በግመል በሚዞር መጭመቂያ የሚወጣው ሲሆን ይመረጣል። ከዚህ ጋር ቡን ይቀርባል፤ ይህም ከነገለባው በዘይት የተጠበሰ የቡና ፍሬ ነው። የኦሮሞን ቡና ቀላ የቀመሰ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። አምቡሎ ሆድ ይይዛል፣ ዋጋው አይከብድም፣ ለብዙ ልጆችም ይበቃል፤ ስለዚህ ደመወዝ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀር ለሚመጣው ሳምንት የተሠራ ነው ብንል ቧልት አይሁንብን።

እኛም ባዶ እጃችንን አልቀረብንም። ሱፍ ቆልተን፣ ወቅጠንና አጥልለን፣ ያንን በሽሮ ያበላሸነውን ላሖሕ ቆራርሰን ፈተፈትንበት። ከእንጀራው ይልቅ ሱፉን ጠጣው! የጎረቤታችን ልጆች ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉት፤ እናታቸው ደግሞ ሱፉን ከየት እንደምናመጣው ጠየቀችን። የእርሷ ጾም ሚያዝያ 1 ቀን ሲፈጸም እኛ እስከ 27 ድረስ ይቀረን ነበር። ድስቲቱ ግን ሥራዋን አላቆመችም፤ በቤቷ ሥጋ እየተጠበሰ ለእኛ አምቡሎው ለብቻው ይመጣ ነበር።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያዋን ልጇን ዳረች። ከሠርጉ በኋላ በሰባተኛው ቀን ሔዶ የሚባል ሥርዓት አላቸው። የሙሽራዋ እናት ከእኛ ቋንጣ ጋር የሚዛመደውን ሙቅማድ፣ ይኸውም በትናንሹ ተከትፎ ደርቆ በቅቤ የተጠበሰ ሥጋ፣ በዕቃ ውስጥ ታኖራለች። ላዩን በቴምርና በቅቤ ትደፍነዋለች። ዕቃው እንደ ሙሽራ በጨርቅ ይሸለምና በገመድ ይቋጠራል፤ ቋጠሮው የት እንደሚጀምር አይታወቅም። የሙሽራው ወገኖች ገመዱን ሳይቆርጡ መፍታት አለባቸው፣ ያልቻለም ይቀጣል። አንዱ ከሌላው በኋላ ሞክረው ካቃታቸው በኋላ «ወታደር ነበር፣ ቋጠሮ ያውቃል» ብለው ባልየውን ከእንግዶቹ መካከል አስነሡት። የድንኳን ገመድ በሌሊትና በዝናብ ሲፈታ የኖረ ሰው፣ በዚያች ዕቃ ፊት ሩብ ሰዓት ያህል ተንበርክኮ ላበው። ሴቶቹ በእልልታ አሳቁበት። ቅጣቱንም ከፈለ።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ፈታው፤ ሙቅማዱም ለእንግዶች ሁሉ ታደለ። እኛ ዘንድ ግን የሙሽራዋ እናት ራሷ መጣች። ቴምርና ቅቤውን ወደ ዕቃው ከማግባቷ በፊት፣ ሥጋው ሳይነካው፣ የእኛን ድርሻ ቀንሳ ያስቀመጠችው ኖሯል። ያመጣችውም በዚያችው በአዲሷ ድስት ነበር።