ዓሣ አውጪና ንስር

ባለፈው ወርኀ ጥር ከልጃችን ጋራ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆመን ሳለን፥ ሆዱ ነጭ ጀርባው ቡናማ የሆነ አንድ ወፍ እግሩን አስቀድሞ ከሰማይ ወደ ውሃው ተወረወረ፤ ጥቂትም ተሰውሮ ዓሣ ይዞ ወጣ። ልጃችን «አባባ፥ ይህ ምን ወፍ ነው?» ብሎ ቢጠይቀን፥ «ንስር ነው» ብለን ቈርጠን መለስንለት። እርሱም «ንስርማ ያ በዛፉ ላይ የሚጮኸው ነው፤ ይህ በዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር አለው» ቢለን፥ አባት አይታረምም በሚል ትዕቢት በዓሣ አጥማጆቹ ፊት ገሠጽነው። ልጁም ዝም አለ።

ወደ ቤታችን ተመልሰን መጽሐፍ ብንመረምር እውነቱን ከልጁ ዘንድ አገኘነው። ወፉ ዓሣ አውጪ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኦሪት ዘሌዋውያን፥ በ11ኛው ምዕራፍ፥ ከንስር ተለይቶ እንደ ተቈጠረ እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን ስሙን እንጂ ወፉን አላወቅነውም ነበር።

የሥነ ፍጥረት ሊቃውንትም ብቻውን በአንድ ወገን ይመድቡታል። ንስር ሦስቱን ጣት ወደ ፊት፥ አንዱን ወደ ኋላ አድርጎ ሲይዝ፥ ዓሣ አውጪ የዳሩን ጣት ወደ ኋላ መልሶ ሁለቱን ከሁለቱ ጋራ ያጋጥማል። ውስጥ እግሩም እንደ ሞረድ ሻካራ ነውና የሚያሙለጨልጨው ዓሣ በቀላሉ አያመልጠውም። ወደ ውሃ ሲገባ አፍንጫውን ይዘጋል፤ ሲበርም ነፋስ እንዳያስቸግረው የዓሣውን ራስ ወደ ፊት ያቀናል። ዓሣ በሉ ንስር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ገጽ ላይ ይነጥቃል፤ የውሃ ወፎችንም ይበላል፤ ሌላው የደከመበትንም ይቀማል። ደግሞም እርሱ የአገሩ ነዋሪ ሲሆን፥ ዓሣ አውጪ የኤውሮፓን ብርድ ሸሽቶ የሚመጣ እንግዳ ነው።

በአሜሪካም ዲዲቲ የተባለው የተባይ መርዝ በሚበላው ዓሣ በኩል እየገባ የእንቍላሉን ቅርፊት ስላሳሳው፥ ዓሣ አውጪ እጅግ ተመናምኖ ነበር። መርዙ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. ከተከለከለ በኋላ ግን ቍጥሩ እንደ ገና በዛ። ስሕተት ሳይመሽ ከታረመ የጠፋው ይመለሳልና።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነን። የአንዱ ስም በሌላው መዝገብ ቢገባ ምን ጕዳት እንዲያመጣ እናውቃለን፤ ስተን በተገኘን ጊዜም ሰርዘን፥ አርመን እንፈርማለን። በቤታችን ግን ይህን ማድረግ ከበደን። በሦስተኛው ቀን በእራት ጊዜ ልጁን «እውነቱ ያንተ ነው» አልነው፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ።

ነገር ግን የገሠጽነው በሰው ፊት ነበርና፥ እርማቱም በሰው ፊት ይሆን ዘንድ ይህን ጻፍን።