ሁለት ድስት ስጎ

ስጎ አማርኛ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛው «ሱጎ» እንደመጣ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ሰማንያ ምናምን ዓመት እዚህ ኖሮ፣ ሽንኩርቱ ሦስት እጥፍ ሆኖ፣ ቃሪያ ገብቶበት፣ አንዳንዱ ቤት በርበሬም ጠጋ ብሎት ሲቀርብ ዜግነት መከልከል ግፍ ነው። ወልድያ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ ገብታችሁ «ፓስታ በስጎ» በሉ። አስተናጋጇ «እንጀራ ይጨመር?» ብትላችሁ እንዳትደነግጡ። ፓስታን በእንጀራ መጠቅለል እኛ ለዓለም ያበረከትነው ነገር ነው፤ ዓለም ገና አልተቀበለውም እንጂ።

አመጣጡ ግን ጣፋጭ አይደለም። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሆነ፣ የጣሊያን ጦር ደሴን ሚያዝያ 7 ያዘ። በመሃል ያለው አገር የኛ ነው። በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት መንገድ ተሠራ፣ በመንገዱ መኪና መጣ፣ ከመኪናው ጋር ጎማ፣ ማርሽ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ መጡ። ወደ ማጀት ደግሞ ፓስታ፣ መኮረኒ፣ ሳልሳ፣ አቼቶ ገቡ። የእናቴ አባት ፓስታን «የጠላት ምግብ» ብለው ሳይቀምሱ ነው የሞቱት። «መኪናው ጎማው ተንፍሶ ነው ያረፈድኩት» ሲሉ ግን ግማሹ ዓረፍተ ነገር ጣሊያንኛ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። ማን ደፍሮ!

ጣሊያኖቹ ራሳቸው ስለዚህ ወጥ አንድ ሐሳብ የላቸውም። ፔሌግሪኖ አርቱሲ የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተመው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የቦሎኛ የሥጋ ስጎ ቲማቲም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የጣሊያን የምግብ አካዳሚ «ትክክለኛው የቦሎኛ ራጉ ይህ ነው» ብሎ አሠራሩን ቦሎኛ ንግድ ምክር ቤት ወስዶ አስመዘገበ። (ምስር ወጥን ውልና ማስረጃ ወስዶ እንደማጽደቅ አስቡት።) ወደ ደቡብ ኔፕልስ ስትወርዱ ሥጋው አይፈጭም፤ በትልልቁ ተቆርጦ ቲማቲም ውስጥ ለሰዓታት ይንተከተካል። እኔ የምሠራው ለዚህኛው ይቀርባል፤ በፕሬዠር ኩከር የሚያምረውም እሱ ነው። የተፈጨ ሥጋ በሃያ ደቂቃ የሚደርስ ነገር ስለሆነ ለሱ ፕሬዠር ማውጣት ጎረቤት ለመሄድ ታክሲ እንደመኮናተር ነው። ፕሬዠር የሚያስፈልገው ጅማት ያለበት፣ ልኳንዳ ቤት ረከስ ያለው የቅልጥም ሥጋ ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ መሐንዲስነቴ የሚጠቅመኝ እዚህ ላይ ብቻ ስለሆነ ታገሡኝ። ጅማት ውስጥ ያለው ኮላጅን የሚባለው ነገር በሙቀትና በውኃ ቀስ ብሎ ይሟሟና ያ ከንፈር የሚያጣብቅ ወፍራም መረቅ ይሆናል። ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀት ነው። ወልድያ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 93 ገደማ ላይ ነው። እሳቱን ብትቆሰቁሱት፣ ከሰል ብትጨምሩበት፣ ክዳን በሌለው ድስት ከ93 አያልፍም፤ ትርፉ እንፋሎት ብቻ ነው። «የኛ አገር ሥጋ ጠንካራ ነው» የምንለው ነገር በከፊል የከፍታ ጉዳይ ነው። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከውጭው አየር በላይ በአንድ ባር ያህል ሲጨምረው ግን ሙቀቱ ወልድያ ላይ 117 አካባቢ ይደርሳል። በባሕር ጠረፍ ቢሆን 121 ነበር። የአራት ሰዓቱ ሥራ ሃምሳ ደቂቃ የሚሆነው በዚህ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ዴኒ ፓፓን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1679 አጥንት የሚያለሰልስ ድስት ብሎ ሠርቶታል። ማስተንፈሻውን የጨመረበትም እሱ ነው።

ለእናቴ ይህን ድስት የገዛሁላት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነቱ ተይዛ በነበረችባቸው ወራት መብራት አልነበረም፣ እኔም አዲስ አበባ ሆኜ ድምፅዋን አልሰማሁም። እናቴ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም። ካወራች የምታወራው ስለ ከሰል ነው፦ እንዴት እንዳለቀ፣ የበር መቃን እስከ መንቀል እንደታሰበ፣ ሽሮ በስንት እንጨት እንደሚበስል። እኔም በልቤ «እሺ፣ ማገዶ የሚቆጥብ ነገር» ብዬ ገዛሁ። ያላሰብኩት ድምፁን ነው። ማስተንፈሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያፏጭ እናቴ ማማሰያዋን ይዛ ግቢ ወጣች። «የሚያፏጭ ነገር ቤቴ ውስጥ አልፈልግም» አለች፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ወር ሙሉ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

ያወረደችው ለአክስቴ ስትል ነው።

የአባቴ ወገን መርሳና ጊራና ዙሪያ ያለ ሙስሊም ነው፤ የእናቴ ወገን የወልድያ ክርስቲያን። አባቴ እናቴን ሲያገባ ክርስትና ተነሣ፣ እህቶቹ በሃይማኖታቸው ቀሩ። ለሌላ አገር ሰው ይህ ታሪክ ይመስለዋል፣ ሐብሩ ውስጥ ግን የስንቱ ቤት ነው። የኛ ቤት ደንብም የታወቀ ነው፤ ሁሉም ነገር አብሮ ይበላል፣ ከሥጋ በቀር። እነሱ የክርስቲያን እርድ አይበሉም፣ እኛ የሙስሊም እርድ አንበላም። ሠርግ ሲሆን ሁለት በሬ ይታረዳል፣ ሁለት ዳስ ይጣላል። እንግዳ ሲመጣ ለእንግዳው የሚሆነውን በግ የሚባርክ ጎረቤት ይጠራል፣ እሱም ቢላውን ይዞ ይመጣል። ድስቱም ለየብቻ ነው።

አክስቴ ለዓይናቸው ሕክምና ወልድያ መጥተው እኛ ጋ አንድ ሳምንት ቆዩ። ጥርሳቸው ካለቀ ቆይቷል። «ሥጋ ካኘክሁ ዘመን የለኝም ልጄ» አሉኝ፣ እየሳቁ። እናቴ ምንም ሳትል ተነሥታ ወጣች፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት አንድ ኪሎ ቅልጥም ገዝታ ተመለሰች፣ ያንን ያልተነካ ፕሬዠር ከቁም ሣጥን አወረደችው። ሥጋ ያልገባበት ድስት በቤቱ እሱ ብቻ ነበረ።

አሠራሩን እኔ ነገርኳት፣ እጁ የሷ ነው። ሥጋው በትልልቁ ተቆርጦ በደረቅ ድስት፣ በትንሽ ዘይት፣ ቡናማ እስኪሆን ተጠበሰ። ይህን መዝለል አይቻልም፤ ሥጋን የሚያቀላውና ያን ሽታ የሚያመጣው ከ140 ዲግሪ በላይ ያለ ሙቀት ስለሆነ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ የትም አታገኙትም። ከዚያ አምስት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት። ሽንኩርቱ ቲማቲም ሳይነካው በደንብ ይብሰል፤ ጣሊያኖች ለዚህ ደረጃ የራሳቸው ስም አላቸው፣ እኛ ቁሌት እንለዋለን፣ በትዕግሥት ደግሞ እንበልጣቸዋለን። የቲማቲም ኮምጣጣነት ሽንኩርትን እንዳይለሰልስ ያደርገዋልና ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ኪሎ ተኩል ቲማቲም፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ጥብስ ቅጠል። ጣሊያኖቹ ወይን የሚጨምሩበት ቦታ ላይ፣ በአክስቴ ምክንያት፣ አንድ ማንኪያ አቼቶ። ሳልሳው መጨረሻ ላይ ከላይ ይቀመጣል፣ አይማሰልም፤ ከታች ከተቀመጠ ያርራል፣ ክዳኑ ዝግ ስለሆነም ማረሩን የምታውቁት በአፍንጫችሁ ነው፣ ያኔ ደግሞ አልፏል። ድስቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም።

ፉጨቱ ሲጀምር እናቴ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ግን አልወጣችም። እሳቱን ቀነስን። ለፕሬዠር የተለመደው ስሌት ከ600 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ጊዜውን 5 በመቶ መጨመር ስለሆነ፣ የ40 ደቂቃው ወልድያ ላይ ወደ 50 ይጠጋል። ከዚያ እሳት አጥፍቶ መተው፤ ግፊቱ በራሱ ይውረድ። ችኩል ሰው ማስተንፈሻውን ቢጎትት ስጎው ጣሪያ ላይ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ቀጭን መስሎ ይታያል፣ አትደንግጡ፣ ተዘግቶ ስለነበር ምንም አልተነነም። ሥጋውን በሹካ በተን፣ ክዳኑን ትቶ ሩብ ሰዓት ማንተክተክ፣ በሶብላ ጣል።

እዚህ ላይ ጨው መቅመስ መጣ። እናቴ ማንኪያውን አነሣች፣ አየችው፣ አስቀመጠችው። በአጥሩ ላይ የጎረቤታችንን ልጅ ጠራች፦ «ነይማ ቅመሽልኝ»። ልጅቷ መጥታ ቀመሰች። «ትንሽ ይጎድለዋል እማዬ»። ተጨመረ። ደግማ ቀመሰች። አክስቴ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፣ እናቴ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ፓስታዋን በቲማቲም ብቻ በላች። ስጎው ጥሩ መሆኑን እስከ ዛሬ የምታውቀው በሰው ምስክርነት ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «ወሎ ፍቅር ነው፣ እስላም ክርስቲያን የለም» የሚል ጽሑፍ በሳምንት አንዴ ያጋጥመኛል፤ ብዙ ጊዜ ከባጃጅ ወይም ከቡና ረከቦት ፎቶ ጋር። ሐሳቡን አልጠላውም፣ ግን አላምነውም። እስላምና ክርስቲያን አለ፣ በደንብ አለ። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማግሥት የወሎ ሙስሊም በግድ እንዲጠመቅ ታዟል፣ ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። ይህን ሁሉ ያለፈ አገር ልዩነት የለም ብሎ አይኖርም። የሚኖረው ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ በግራም በገደል ባለ ጎረቤት ሳይቀር ስለሚታወቅ፣ ሁለተኛውን ድስት የሚጥድ ሰው ስላለ ነው። ሁለተኛውን ድስት መጣድ ደግሞ ከሰል ይፈጃል፣ እጅ ያቃጥላል፣ ዘይት ያስወድዳል። ብዙውን ጊዜ የሚጥዱት ሴቶች ናቸው፤ ይህን የሚለጥፍ አላየሁም።

እኔስ? አዲስ አበባ ሥጋ ስበላ ማን ባረከው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ኮላጅን «ቢስሚላህ» የተባለበትን «በስመ አብ» ከተባለበት ለይቶ አይሟሟም። መርሳ አክስቴ ቤት ግን እናቴ ያልበላችውን አልበላም። እምነት በሉት፣ ይሉኝታ በሉት፣ እኔም ስም አላወጣሁለትም። የቢሮ ጓደኞቼ «ወጥነት የለህም» ይሉኛል። ልክ ናቸው።

ፕሬዠሩ አክስቴን ተከትሎ መርሳ ገባ፤ አንድ ጊዜ የእነሱ ሥጋ በስሎበታልና እናቴ ራሷ በማዳበሪያ ጠቅልላ መኪና ላይ አስጫነችላቸው። ለእናቴ ሌላ ገዛሁ። አሁን ሁለቱ ቤቶች ሲገናኙ የምንሠራበትን ዘዴ በሙያዬ ቋንቋ ላስረዳችሁ፦ አንድ የጋራ መሠረት አለ፣ ከሱ ሁለት ብራንች ይወጣል፣ ሁለቱ ደግሞ መቼም አይዋሃዱም። መሠረቱ ሽንኩርቱ፣ ካሮቱ፣ ቲማቲሙና ዘይቱ ነው፤ በትልቁ የጾም ድስት፣ ቅቤ ሳይነካው፣ ሁሉም እጅ ገብቶበት፣ ሁሉም ቀምሶት ይሠራል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ለእኛ እዚያው ላይ ያበቃል። ካልሆነ ለሁለት ይከፈልና እያንዳንዱ ቤት ያጠበሰውን ሥጋ የያዘ ፕሬዠሩ ውስጥ ይጨምረዋል። ማማሰያዎቹ እጀታቸው ላይ በተለያየ ቀለም ክር ታስሮባቸዋል፤ ያ የእናቴ ፈጠራ ነው።

ባለፈው አክስቴ ደወሉልኝ። መርሳ ከወልድያ ብዙ ዝቅ ስለምትል «ያልከኝ ደቂቃ ለዚህ አገር ይበዛል፣ ሥጋው ገንፎ ሆነ» አሉኝ። ስሌቱን ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ። እሳቸው ሰዓት አይመለከቱም፤ ፉጨቱ ሲጀምር ቡና ያቀርባሉ። አቦሉ ሲወጣ ገና ነው፣ ቶናው ሲጠጣ ይወርዳል። በረካ ድረስ የሚጠበቀው የፍየል ከሆነ ብቻ ነው።